በቤት ውስጥ ኔትወርክ ፋይልና ፕሪንተር መጋራት ሲስተጓጎል፦ የችግሩ ምንጭ መለያና ማስተካከያ መንገዶች

መግቢያ

በአንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ኮምፒውተሮች መኖራቸው እየተለመደ መጥቷል። ተማሪው የጥናት ጽሑፉን በአንዱ ያዘጋጃል፤ በቤቱ ሆኖ የሚሠራው የሂሳብ ባለሙያ ወይም ተርጓሚ ሰነዶቹን በሌላው ያስቀምጣል፤ ፕሪንተሩ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ኮምፒውተሮቹን በቤት ውስጥ ኔትወርክ አገናኝቶ ፋይልንም ፕሪንተርንም በጋራ መጠቀም ወጪን ይቀንሳል፤ ፋይልን በፍላሽ ዲስክ ከማመላለስና አብሮት ከሚዛመተው ቫይረስም ይጠብቃል።

ይህ አገልግሎት ሲስተጓጎል ብዙ ተጠቃሚዎች በችኮላ የሚወስዱት እርምጃ ፋየርዎልን ማጥፋት፣ የይለፍ ቃልን ማንሳት ወይም ፎልደሩን ለማንኛውም ሰው ክፍት ማድረግ ነው። እነዚህ እርምጃዎች ፕሪንተሩን ለጊዜው ሊያሠሩት ይችላሉ፤ ሆኖም የቤተሰቡን ሰነዶች፣ ፎቶግራፎችና የሥራ መረጃዎች ለጥቃት ያጋልጣሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የችግሩን ምንጭ በቅደም ተከተል በመለየት፣ የመረጃ ደኅንነትን ሳይጎዱ ማስተካከል የሚቻልበትን መንገድ ማመልከት ነው።

ማብራሪያው በዋናነት ዊንዶውስ 10ን እና ዊንዶውስ 11ን የሚመለከት ነው። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የተቀመጡት የማውጫና የአማራጭ ስሞች በእንግሊዝኛው የኮምፒውተር ገጽታ ላይ በሚነበቡበት ድምፅ የተጻፉ ናቸው።

1. መጋራት የሚሠራው እንዴት ነው?

ኮምፒውተሮች በቤት ውስጥ ፋይል የሚቀባበሉት ኤስ.ኤም.ቢ. በሚባል የግንኙነት ደንብ አማካይነት ነው። ፎልደሩ ወይም ፕሪንተሩ ያለበት ኮምፒውተር አስተናጋጅ ይሆናል፤ ሌሎቹ ደግሞ ጥያቄ የሚያቀርቡ ደንበኞች ናቸው። ማክ ኮምፒውተሮችም እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው የሥርዓተ ክወና እትማቸው ጀምሮ ይህንኑ ደንብ ቀዳሚ ምርጫቸው አድርገዋል።

ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቶ ሥራው እንዲፈጸም አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ሁለቱም መሣሪያዎች በአንድ ኔትወርክ ውስጥ መገኘት አለባቸው። ሁለተኛ፣ አስተናጋጁ ኮምፒውተር መጋራትን የፈቀደና ፋየርዎሉም መንገዱን የከፈተ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ጠያቂው በአስተናጋጁ ኮምፒውተር ላይ በሚታወቅ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መግባት አለበት። አራተኛ፣ ለዚያ ተጠቃሚ በፎልደሩ ወይም በፕሪንተሩ ላይ ፈቃድ የተሰጠው መሆን አለበት።

መጋራት ኢንተርኔት እንደማያስፈልገው ልብ ማለት ይገባል። የኢንተርኔት ጥቅል ቢያልቅ ወይም የውጭው መስመር ቢቋረጥ እንኳ ራውተሩ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ በቤት ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች እርስ በርስ መገናኘታቸውን ይቀጥላሉ። በአንጻሩ ኢንተርኔት መሥራቱ ብቻውን የቤቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ ለመገናኘታቸው ማረጋገጫ አይሆንም።

2. ከማናቸውም እርምጃ በፊት፦ ችግሩ የቱ ነው?

ችግሮቹ ሁሉ ላይ ላዩን «አይሠራም» በሚል አንድ ቃል ይገለጹ እንጂ ምንጫቸው የተለያየ ነው። ተጠቃሚው በቅድሚያ ከሚከተሉት ሁኔታዎች የቱ እንደገጠመው መለየት ይኖርበታል።

ሀ) አስተናጋጁ ኮምፒውተር ፈጽሞ አይገኝም። ይህ የግንኙነት ወይም የፋየርዎል ችግር ሲሆን መፍትሔው በክፍል 3 እና 4 ተመልክቷል።

ለ) ኮምፒውተሩ ይገኛል፤ ነገር ግን የይለፍ ቃል ደጋግሞ ይጠይቃል። ይህ የማንነት ማረጋገጫ ችግር ነው፤ ክፍል 5ን ይመለከቷል።

ሐ) ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ፎልደሩ ይታያል፤ ነገር ግን መክፈት ወይም ማስቀመጥ ይከለከላል። ይህ የፈቃድ ችግር በመሆኑ በክፍል 6 ተብራርቷል።

መ) ፋይል በትክክል ይከፈታል፤ ኅትመት ግን አይወጣም። ይህ የፕሪንተር ችግር ሲሆን በክፍል 7 ቀርቧል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ውጤቱን መፈተሽ ጠቃሚ ልማድ ነው። ብዙ ቅንብሮችን በአንድነት የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመ አያውቅም፤ ሳያስፈልግ የከፈተውንም መልሶ አይዘጋም።

3. መሣሪያዎቹ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ናቸው?

እያንዳንዱ መሣሪያ በኔትወርኩ ውስጥ የራሱ ቁጥራዊ አድራሻ አለው። አድራሻውን ለማየት «ሴቲንግስ» ውስጥ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» የሚለውን መክፈትና የተገናኘውን መስመር ዝርዝር መመልከት በቂ ነው። በአብዛኛው የቤት ኔትወርክ አድራሻው በ192.168 የሚጀምር ሲሆን፣ በተለመደው አደረጃጀት የሁለቱ ኮምፒውተሮች የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ ዓይነት መሆን ይገባቸዋል። ለምሳሌ 192.168.1.5 እና 192.168.1.20 በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ 192.168.1.5 እና 192.168.8.20 ግን እንደ ደንቡ በተለያዩ ኔትወርኮች ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

በ169.254 የሚጀምር አድራሻ የታየ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ሳያገኝ ቀርቶ ለራሱ ጊዜያዊ ቁጥር መስጠቱን ያመለክታል። በዚህ ጊዜ ኬብሉን መፈተሽ፣ ዋይፋዩን አቋርጦ እንደገና መገናኘት፣ አስፈላጊም ከሆነ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል።

መሣሪያዎች በተለያዩ ኔትወርኮች ውስጥ እንዲወድቁ የሚያደርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

• ሁለት ራውተር መኖሩ። የቤቱ ባለቤት ከኢንተርኔት አቅራቢው የተሰጠው ራውተር እያለ የዋይፋይ ሽፋን ለማስፋት ሌላ ገዝቶ ሲጨምር፣ ሁለተኛው ራውተር የራሱን ኔትወርክ ሊፈጥር ይችላል። መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር «አክሰስ ፖይንት» በሚባለው አሠራር እንዲሠራ ማድረግ ነው።

• የስልክ ሆትስፖት። ላፕቶፑ በእጅ ስልክ ሆትስፖት፣ ፕሪንተሩ ደግሞ በቤቱ ዋይፋይ ከተገናኙ ሊተያዩ አይችሉም።

• የእንግዳ ዋይፋይ። ብዙ ራውተሮች ለእንግዶች በሚከፍቱት መስመር ላይ ያሉ መሣሪያዎች ከቤቱ መሣሪያዎች ጋር እንዳይገናኙ ይከለክላሉ። አንዳንድ ራውተሮችም በዋናው ዋይፋይ ላይ መሣሪያዎችን እርስ በርስ የሚለያይ ቅንብር አላቸው።

• ቪፒኤን። አንዳንድ የቪፒኤን ፕሮግራሞች ሥራ ላይ እስካሉ ድረስ ኮምፒውተሩ የቤቱን መሣሪያዎች እንዳያይ ያደርጋሉ። ለፍተሻ ያህል ለጊዜው ማቋረጥ ምንጩን ያሳውቃል።

ግንኙነትን ለመሞከር የሚያገለግለውን የፒንግ ትእዛዝ በቅድሚያ ወደ ራውተሩ አድራሻ መላክ ይመረጣል። ወደ ሌላው ኮምፒውተር የተላከ ፒንግ መልስ አለማግኘቱ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የዊንዶውስ ፋየርዎል እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሳይመልስ ሊተው ይችላልና።

4. ኮምፒውተሩ በዝርዝር ውስጥ የማይታየው ለምንድን ነው?

ዊንዶውስ እያንዳንዱን ኔትወርክ «ፐብሊክ» ወይም «ፕራይቬት» ብሎ ይመድባል። «ፐብሊክ» በካፌ፣ በሆቴልና በመሳሰሉት ስፍራዎች ኮምፒውተሩን ከማይታወቁ ሰዎች ለመሰወር የተዘጋጀ ነው፤ አዲስ ኔትወርክም በአብዛኛው በዚህ ምድብ ይጀምራል። በመሆኑም ራውተር የለወጠ ወይም የዋይፋዩን ስም የቀየረ ቤተሰብ እስከ ትናንት ይሠራ የነበረው መጋራት ዛሬ ተቋርጦ ቢያገኘው ሊደነቅ አይገባም፤ ዊንዶውስ ኔትወርኩን እንደ አዲስ ቆጥሮት ሊሆን ይችላል።

ማስተካከያው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ) በተገናኘው ኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ የቤቱን ኔትወርክ «ፕራይቬት» ማድረግ፤

2ኛ) «አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ» በሚለው ገጽ ላይ በ«ፕራይቬት» ሥር ብቻ «ኔትወርክ ዲስከቨሪ» እና «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ» የሚሉትን መክፈት፤

3ኛ) ሌላ የፀረ ቫይረስ ድርጅት ፋየርዎል የተጫነ ከሆነ፣ በእርሱም ውስጥ የቤቱ ኔትወርክ የታመነ ተብሎ መመዝገቡን ማረጋገጥ፤

4ኛ) አስተናጋጁ ኮምፒውተር ወደ እንቅልፍ አለመግባቱን ማየት።

ከዚህ በኋላም ስሙ በዝርዝር ውስጥ ካልታየ በአድራሻው መሞከር ይቻላል። በ«ፋይል ኤክስፕሎረር» የአድራሻ መስመር ላይ ሁለት ወደ ኋላ የተጋደሙ ሰረዞችን አስቀድሞ የአስተናጋጁን ቁጥር መጻፍ፣ ለምሳሌ \\192.168.1.20 ብሎ ማስገባት ነው። በቁጥሩ ከተከፈተ መጋራቱ ይሠራል ማለት ነው፤ የጎደለው ስምን የማሳወቅ አገልግሎት ብቻ ነው። ይህን ሥራ የሚያከናውኑት በ«ሰርቪስስ» ዝርዝር ውስጥ «ፈንክሽን ዲስከቨሪ» በሚል የሚጀምሩት ሁለት አገልግሎቶች ስለሆኑ መነሣታቸውን ማረጋገጥ ያሻል።

ቀደም ሲል «ሆምግሩፕ» በሚባለው አሠራር ይጠቀሙ የነበሩ ቤተሰቦች ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ጀምሮ የተነሣ መሆኑን ሊያውቁት ይገባል። ኮምፒውተሮቻቸውን ከላይ በተገለጸው መንገድ እንደገና ማደራጀት ይኖርባቸዋል።

5. የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት ሲያጣ

በዚህ ደረጃ የሚያጋጥሙ ችግሮች በአብዛኛው ከሚከተሉት አንዱ ናቸው።

ፒን ቁጥር። ተጠቃሚው ኮምፒውተሩን ዘወትር የሚከፍትበት ፒን ለዚያው መሣሪያ ብቻ የተሰጠ በመሆኑ ከሌላ ኮምፒውተር ለመግባት አያገለግልም። የሚያስፈልገው የሂሳቡ ሙሉ የይለፍ ቃል ነው። ሂሳቡ የማይክሮሶፍት ከሆነ የተጠቃሚው ስም የኢሜይል አድራሻው ነው።

ባዶ የይለፍ ቃል። የይለፍ ቃል የሌለው ሂሳብ በዊንዶውስ ነባር ቅንብር መሠረት በኔትወርክ በኩል መግባት አይችልም። ኮምፒውተሩ «ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው» ቢልም ትክክለኛው ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

የተቀመጠ የቆየ የይለፍ ቃል። በአስተናጋጁ ላይ የይለፍ ቃሉ ከተለወጠ በኋላ ደንበኛው ኮምፒውተር የቀድሞውን እየላከ ሊሆን ይችላል። በ«ክሬደንሻል ማኔጀር» ውስጥ ያንን መዝገብ ሰርዞ እንደገና መግባት ችግሩን ያስወግዳል።

ለዘለቄታው የሚመከረው በአስተናጋጁ ኮምፒውተር ላይ ለመጋራት ብቻ የሚያገለግል፣ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን የሌለውና ጠንካራ የይለፍ ቃል ያለው አንድ የተጠቃሚ ሂሳብ መክፈት ነው። የቤተሰቡ አባላት በዚህ ሂሳብ ሲጠቀሙ የማንም የግል የይለፍ ቃል ለሌላው መገለጥ አያስፈልገውም።

6. ፎልደሩ እየታየ መግባት ሲከለከል

በዊንዶውስ አንድ የተጋራ ፎልደር ሁለት በር አለው። የመጀመሪያው «ሼሪንግ» በሚለው ገጽ ላይ የሚሰጠው የመጋራት ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው «ሴኪዩሪቲ» በሚለው ገጽ ላይ ያለው የፋይሉ የራሱ ፈቃድ ነው። በኔትወርክ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት፤ ከሁለቱም ጥብቅ የሆነው ይጸናል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ፉል ኮንትሮል» ተሰጥቶ በሁለተኛው ላይ «ሪድ» ብቻ ከተፈቀደ፣ ተጠቃሚው ማንበብ እንጂ መለወጥ አይችልም።

ስለዚህ ፈቃድ ሲስተካከል ሁለቱንም ገጾች ማየት ያስፈልጋል። ፈቃዱም ለሁሉም ሰው ከሚሰጥ ይልቅ በክፍል 5 ለተገለጸው ሂሳብ ብቻ ቢሰጥ ይመረጣል። ሙሉውን ዲስክ ወይም የግል ሰነዶች ያሉበትን ፎልደር ከማጋራት ይልቅ ለጋራ መጠቀሚያ የተለየ አንድ ፎልደር ማዘጋጀት ይበጃል።

አንድ ሰነድ «ለንባብ ብቻ» ሆኖ ከተከፈተ ሁልጊዜ የፈቃድ ችግር ነው ማለት አይደለም። በሌላው ኮምፒውተር ላይ ያው ሰነድ ተከፍቶ ከሆነ የሁለቱ ሰዎች ለውጥ እንዳይጋጭ ሲባል ለሁለተኛው ይቆለፋል። ከመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ ሲዘጋ ችግሩ ይወገዳል።

በዚህ አጋጣሚ ሊዘነጋ የማይገባው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ካለ የተጋራ ፎልደር በኔትወርክ በኩል የተሰረዘ ፋይል በተለመደው አሠራር ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው አለመግባቱ ነው፤ እስከ መጨረሻው ይጠፋል። ፎልደር መጋራት መጠባበቂያ ቅጂ መያዝን አይተካም። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሂሳብ መዝገብና የመሳሰሉት ሰነዶች ሌላ ቅጂ ከኔትወርኩ ውጭ በሆነ ዲስክ ላይ ሊቀመጥላቸው ይገባል።

7. ፕሪንተሩ ሳይታዘዝ ሲቀር

ፕሪንተር በቤት ውስጥ የሚጋራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፕሪንተሩ በኬብል ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በዚያ ኮምፒውተር በኩል ለሌሎች ሲቀርብ ነው፤ ሁለተኛው ፕሪንተሩ ራሱ በዋይፋይ ወይም በኬብል ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ ነው። በመጀመሪያው መንገድ አስተናጋጁ ኮምፒውተር ከጠፋ ወይም ከተኛ ማንም ማተም አይችልም። በሁለተኛው ግን ፕሪንተሩ በማናቸውም ኮምፒውተር ላይ ጥገኛ አይደለም፤ በተመሳሳይ ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክም ፕሪንተሩ የሚደግፈው ከሆነ ሊያትምበት ይችላል። በመሆኑም ዋይፋይ ያለው ፕሪንተር ላላቸው ቤቶች ሁለተኛው መንገድ ይመከራል።

ሀ) ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ከተመለሰ በኋላ «ኦፍላይን» የሚል መልእክት መታየቱ። ይህ በአገራችን በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ነው። ራውተሩ እንደገና ሲነሣ ለመሣሪያዎች አድራሻ አዲስ ሊያድል ይችላል፤ ፕሪንተሩ ትናንት 192.168.1.7 ከነበረ ዛሬ 192.168.1.9 ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ግን ኅትመቱን ወደ ቀድሞው ቁጥር መላኩን ይቀጥላል። ይህን ለማረጋገጥ ከፕሪንተሩ መቆጣጠሪያ ላይ የኔትወርክ መግለጫ ገጽ አትሞ በላዩ ላይ ያለውን ቁጥር በኮምፒውተሩ የፕሪንተር ዝርዝር ውስጥ «ፖርትስ» በሚለው ገጽ ላይ ከተመዘገበው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ዘላቂው መፍትሔ በራውተሩ ቅንብር ውስጥ ለፕሪንተሩ አንድ ቋሚ አድራሻ መመደብ ነው። ይህ አንድ ጊዜ ከተደረገ መብራት በጠፋ ቁጥር ፕሪንተሩን ሰርዞ እንደገና መጫን አያስፈልግም።

ለ) ኅትመቱ በወረፋ ላይ ቆሞ መቅረቱ። አንድ የተበላሸ ሰነድ በወረፋው መጀመሪያ ላይ ከቆመ ተከታዮቹን ሁሉ ያግዳል። በቅድሚያ ወረፋውን ከፍቶ ሰነዱን መሰረዝ ይሞከራል። ካልተሰረዘ በ«ሰርቪስስ» ውስጥ «ፕሪንት ስፑለር» የተባለውን አገልግሎት አቁሞ በዊንዶውስ ፎልደር ሥር፣ በ«ሲስተም32» ውስጥ፣ በ«ስፑል» ሥር በሚገኘው «ፕሪንተርስ» ፎልደር ያሉትን ፋይሎች ማጥፋትና አገልግሎቱን እንደገና ማስነሣት ያስፈልጋል። የሚጠፉት በፎልደሩ ውስጥ ያሉት ፋይሎች እንጂ ፎልደሩ ራሱ አይደለም።

ሐ) ሌላው የቤተሰብ አባል ፕሪንተሩን መጫን አለመቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በዊንዶውስ የኅትመት አገልግሎት ላይ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ተገኝቶ ነበር። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን ለመዝጋት በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ባወጣው ማሻሻያ፣ ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣ የፕሪንተር ድራይቨር የአስተዳዳሪ ፈቃድ ካልተሰጠው እንዳይጫን ወስኗል። ተራ ሂሳብ ያለው ተጠቃሚ የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ተገቢው አካሄድ የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ ድራይቨሩን ከፕሪንተሩ አምራች ይፋዊ ገጽ አውርዶ አስቀድሞ እንዲጭን ማድረግ ነው። ማሻሻያውን ማንሳት ወይም መከላከያውን በልዩ ቅንብር ማሰናከል የተዘጋውን ክፍተት መልሶ መክፈት ስለሆነ አይመከርም።

8. አሮጌና አዲስ መሣሪያዎች ሳይግባቡ ሲቀሩ

የመጀመሪያው የኤስ.ኤም.ቢ. እትም በዕድሜ ብዛት ለጥቃት የተጋለጠ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከ150 ባላነሱ አገሮች የተዛመተው በዚህ እትም አሠራር ላይ የነበረን ክፍተት በመጠቀም ነው። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በጥቃቱ ተጎድተዋል። ማይክሮሶፍት የማረሚያውን ማሻሻያ ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ አውጥቶ ነበር፤ የተጎዱትም ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ የመጀመሪያው ኤስ.ኤም.ቢ. ከዊንዶውስ ጋር በነባርነት መጫኑ ቀርቷል።

በዚህ ምክንያት አሮጌ ስካነር፣ አሮጌ የኔትወርክ ዲስክ ወይም ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበት ኮምፒውተር ከአዲሶቹ ጋር አይገናኝም። በየስፍራው የሚሰጠው ምክር የድሮውን እትም እንደገና መክፈት ነው፤ ይህ ግን ሊደረግ አይገባም። ይልቁንም የመሣሪያው አምራች ማሻሻያ ያወጣ እንደሆነ መጫን፣ ከሌለም ስካነሩ በዩኤስቢ ወይም በኢሜይል እንዲያስረክብ ማድረግ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም በበኩሉ በ«ፕሮ» ዓይነቱ ላይ ያለ የይለፍ ቃል በእንግድነት መግባትን በነባር ቅንብሩ ይከለክላል። ከራውተር ጋር በተያያዘ ዲስክ ያለ የይለፍ ቃል ይጠቀሙ የነበሩ ቤቶች ከማሻሻያው በኋላ ቢከለከሉ መፍትሔው በዲስኩ ወይም በራውተሩ ላይ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መፍጠር ነው።

9. ዋይፋይ በጋራ ለሚጠቀሙ ግቢዎች

የቤቱ ባለቤትና ተከራዮች አንድ ዋይፋይ በሚጠቀሙባቸው ግቢዎች «የቤት ኔትወርክ» የሚለው ቃል ከአንድ ቤተሰብ ያለፈ ትርጉም አለው። በእንዲህ ያለ ኔትወርክ ላይ ያለ የይለፍ ቃል የተከፈተ ፎልደር በግቢው ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ የተከፈተ ነው። ስለዚህ፦

• በይለፍ ቃል የተጠበቀ መጋራት እንደተከፈተ መቆየት አለበት፤
• ራውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ ለተከራዮች የእንግዳ ዋይፋይ መስጠት፣ የቤተሰቡን መሣሪያዎች ደግሞ በዋናው ላይ ማቆየት ይገባል፤
• የራውተሩ መቆጣጠሪያ ይለፍ ቃል ከፋብሪካ ከወጣበት መለወጥ ይኖርበታል፤
• የኤስ.ኤም.ቢ. መስመር የሆነው ፖርት 445 በራውተሩ በኩል ወደ ኢንተርኔት ፈጽሞ መከፈት የለበትም።

የሌላ ሰው ኮምፒውተር በዝርዝር ውስጥ መታየቱ ለመክፈት ፈቃድ አይሆንም። ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ተግባር ነው።

10. ማጠቃለያ

ፋይልና ፕሪንተር መጋራት ሲስተጓጎል በመጀመሪያ መሣሪያዎቹ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ መሆናቸውን፣ ቀጥሎ ኔትወርኩ «ፕራይቬት» መሆኑንና መጋራት መከፈቱን፣ ከዚያም የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል፣ በመጨረሻም ሁለቱን ፈቃዶች በቅደም ተከተል መመርመር ያስፈልጋል። ፕሪንተርን በሚመለከት አድራሻው አለመለወጡን ማየት አብዛኛውን ድካም ያስቀራል።

ለፍተሻ ሲባል ፋየርዎል ወይም ሌላ መከላከያ ለአፍታ የተዘጋ እንደሆነ ፍተሻው እንዳበቃ መልሶ መክፈት ግዴታ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ያበቃ በመሆኑ፣ ይህን ሥርዓት የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ኮምፒውተራቸው የሚችል ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር፣ እስከዚያውም ጠቃሚ ሰነዶቻቸውን በተጋራ ፎልደር ውስጥ ብቻ አለመተው ይጠበቅባቸዋል።